የተዛወረ ዕዳ የተከፈለ ዕዳ አይደለም

«ያንን ካርድ እኮ ዘጋሁት!»

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ፣ የእኛ ሰዎች ቡና ይዘው ስለ ኑሮ ሲጫወቱ ይህን ንግግር መስማት አዲስ አይደለም። የተናጋሪው እፎይታ ከፊቱ ይነበባል። ለዓመታት እንቅልፍ ሲነሳው የኖረው ካርድ ስቴትመንቱ ዜሮ ብሎለታል። «ጎበዝ! በምን ከፈልከው?» ሲባል ግን መልሱ «ባላንስ ትራንስፈር አድርጌ ነዋ» ይሆናል። ነገሩን ከሥሩ ካየነው ገንዘቡን ያገኘው የመጀመሪያው ባንክ ብቻ ነው። ዕዳው አሁን በሌላ ባንክ መዝገብ፣ በዚያው ሰው ስም፣ የማዛወሪያ ክፍያ ታክሎበት ተቀምጧል።

በአገራችን ልማድ «ዕዳዬን ዘጋሁ» የሚል ሰው ባለሱቁ ከዱቤ መዝገቡ ላይ የሰረዘው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በሱቁ ደጅ ሲያልፍ አንገቱን አይደፋም። በአሜሪካ የካርድ ገበያ ግን ከአንዱ መዝገብ የተሰረዘ ስም በዚያው ሳምንት በሌላው ላይ ይጻፋል። ባላንስ ትራንስፈር ጥሩ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአግባቡ የተጠቀመበትን ሰው ከሺህ ዶላሮች ወለድ ያድናል። የሚሸጥልን ነገር ግን ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደምናደርግ ባንኩ አይነግረንም፤ ምንም ሳናደርግ ብንቀርም የሚጠቀመው እሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ራሳችን ጠይቀን ራሳችን መመለስ አለብን።

ወለዱ እንዴት እዚህ ደረሰ?

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ የዋጋ ንረቱን ለማርገብ በማርች 2022 ወለድ ማሳደግ ጀመረ። ለዜሮ የቀረበው መነሻ ወለድ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 ከመቶ ደረሰ። አብዛኞቹ የክሬዲት ካርዶች ወለዳቸው ተለዋዋጭ በመሆኑ መነሻው ሲጨምር ወዲያው ተከትለው ይጨምራሉ። በ2022 መጀመሪያ ወለድ የሚታሰብባቸው ካርዶች አማካይ 16 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ2023 መጨረሻ ከ22 ከመቶ በላይ ሆነ። ፌዴራል ሪዘርቭ ከሴፕቴምበር 2024 አንስቶ መነሻውን መቀነስ ቢጀምርም የእነዚህ ካርዶች አማካይ ወለድ በ2025 ገና ከ20 ከመቶ በላይ ነበር። ሲወጣ የሮጠው ሲወርድ ያዘግማል።

ዕዳውም አብሮ አደገ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው በአሜሪካ ያለው የክሬዲት ካርድ ዕዳ በ2023 አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። በ2024 መጨረሻ 1.21 ትሪሊዮን ደረሰ።

ትሪሊዮን የሚለው ቃል ለዓይን ይከብዳል፤ ወደ ቤታችን ስናመጣው ግን የምናውቀው ነገር ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው ትራንስሚሽኑ ሲበላሽበት መኪናውን ማሠራት ግድ ነው፤ ያለ መኪናው ሥራ የለም። እናት አገር ቤት ሆስፒታል ገብተው «ዛሬውኑ ላክ» የሚል ስልክ ሲመጣ «ደመወዝ እስኪወጣ ልጠብቅ» የሚል ልጅ የለም። ለፋሲካ የአራት ሰው ቲኬት ይቆረጣል፣ የዘመድ ሠርግ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል። ሁሉም ካርዱ ላይ ያርፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋውና ብዙዎቻችን የማናውቀው ደግሞ አለ፤ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስንልክ በክሬዲት ካርድ ከከፈልን ብዙ ካርድ ሰጪዎች ግብይቱን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ለብቻው ክፍያ አለው፣ ወለዱ ከተራ ግዢ ይበልጣል፣ መቁጠር የሚጀምረውም ከዚያው ቀን ነው። ለእናት የተላከው 500 ዶላር ከላኪው ዘንድ ስንት ሆኖ እንደሚያልቅ እናት ብታውቅ አትቀበለውም ነበር።

ከፍሬዝኖ እስከ ቤልትዌይ

ይህ ሁሉ የተፈጠረው በአንድ ጀምበር አይደለም። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ1958 በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን ላልጠየቁ ሰዎች በፖስታ ላከ። ያ ካርድ በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ። በዚያ ዘመን ብዙ ክፍለ ግዛቶች የወለድ ጣሪያ ስለነበራቸው ባንኮች እንዳሻቸው ማስከፈል አይችሉም ነበር። ጣሪያውን የሰነጠቀው በ1978 ማርኬት ናሽናል ባንክ በተሟገተበት ጉዳይ የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። በውሳኔው መሠረት አንድ ብሔራዊ ባንክ በተቋቋመበት ክፍለ ግዛት የሚፈቀደውን ወለድ በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖር ደንበኛውንም ማስከፈል ይችላል። ሳውዝ ዳኮታ ጣሪያዋን አነሳች፤ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ጠቅልሎ ወደ ሱ ፎልስ ከተማ ሄደ። ደላዌርም በ1981 ተከተለች። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ እየኖርን ስቴትመንታችን ላይ ሱ ፎልስ ወይም ዊልሚንግተን የሚል አድራሻ የምናየው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባላንስ ትራንስፈር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ታሪኩም ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሪችመንድ ቨርጂኒያ በነበረው ሲግኔት ባንክ ውስጥ ሪቻርድ ፌርባንክና ናይጄል ሞሪስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ወለድ የመጫንን ልማድ ጣሉት። በየፖስታው የተለያየ ቅናሽ እየላኩ ማን ምን እንደሚቀበል በቁጥር ማጥናት ጀመሩ። ከሙከራዎቻቸው ሁሉ በጣም የሠራው «ዕዳህን ከዚያ ባንክ አንሳና ወደ እኛ አምጣው፣ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ባለ ወለድ እንይዝልሃለን» የሚለው ግብዣ ነበር። ክፍሉ ከሲግኔት ተነጥሎ ካፒታል ዋን ሆነ። ዛሬ በማክሊን ቨርጂኒያ ዋሽንግተንን ከሚከበው አውራ ጎዳና፣ ከቤልትዌይ፣ ላይ የሚታየው ረጅም ሕንጻ የዚያ ድርጅት ነው። ስንቶቻችን በታክሲ በሥሩ እንመላለሳለን።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ምርቱ በደንብ የተጠና መሆኑን ለማሳየት ነው። ፖስታው ላይ የተጻፈው ዜሮ ያለምክንያት አልተጻፈም። ከሰላሳ ዓመት በላይ የሰው ጠባይ ተለክቶበታል።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው

አንድ ሰው በ24 ከመቶ ወለድ 8,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። በዓመት 24 ከመቶ በወር 2 ከመቶ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 160 ዶላር ይመጣል። ብዙ ባንኮች እኛ «ሚኒመም» የምንለውን ዝቅተኛ ክፍያ የሚያሰሉት የዕዳውን 1 ከመቶ ከወሩ ወለድ ጋር ደምረው ነው። ስለዚህ 80 እና 160፣ ጠቅላላ 240 ዶላር። ሰውየው 240 ዶላር ከኪሱ አውጥቶ ከዕዳው ላይ የተነሳለት 80 ብቻ ነው።

ካርዱን ዳግም ሳይነካ በየወሩ 250 ዶላር ቢከፍል ዕዳው የሚያልቀው በ52ኛው ወር ላይ ነው። ከአራት ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 4,900 ዶላር ገደማ ወለድ ይከፍላል።

አሁን ያንኑ ዕዳ ለ18 ወር ዜሮ ወለድ ወደሚል ካርድ ያዛውረው። በገበያው የሚቀርቡት ጊዜያት በአብዛኛው ከ12 እስከ 21 ወር ናቸው፤ የማዛወሪያው ክፍያ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ይደርሳል። 3 ከመቶውን ብንወስድ 240 ዶላር ተጨምሮ ዕዳው 8,240 ይሆናል። ይህን ለ18 ስናካፍለው በወር 458 ዶላር ይመጣል። ሰውየው ይህን ያህል ከከፈለ በ18 ወር ውስጥ ንጹሕ ነው፤ ጠቅላላ ወጪው 240 ዶላር ብቻ።

ማስታወቂያው የሚያሳየን ይህንን ንጽጽር ነው፤ 4,900 በአንድ ወገን፣ 240 በሌላ ወገን። ንጽጽሩ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። በመጀመሪያው ስሌት ሰውየው የሚከፍለው 250፣ በሁለተኛው 458 ነው። ዕዳውን የትም ሳያዛውር፣ በዚያው 24 ከመቶ ወለድ፣ በወር 458 ቢከፍል ምን ይሆናል? በ22 ወር ያልቃል፤ ወለዱ 1,940 ዶላር ገደማ ነው። ክፍያውን ማሳደጉ ብቻውን ወደ 3,000 ዶላር አትርፎለታል ማለት ነው፤ ዝውውሩ በዚያ ላይ 1,700 ዶላር ጨመረለት።

ሚዛናዊ ለመሆን የተገላቢጦሹንም እንየው። ክፍያውን ማሳደግ አቅቶት በ250 ዶላሩ ቢቀጥልስ? ዜሮው ሲያበቃ 3,740 ዶላር ይቀርበታል። በ24 ከመቶ እየከፈለ በሌላ 18 ወር ይጨርሰዋል። ክፍያውና ወለዱ ተደምረው ወጪው 990 ዶላር አይሞላም። ከ4,900 ጋር ሲተያይ ይህም ትልቅ እፎይታ ነው። እንግዲህ በሒሳብ ብቻ ከሄድን ዝውውሩን ከሚያደርግ ሰው ጋር የሚያጣላን ነገር የለም።

ችግሩ የሚመጣው ከአሮጌው ካርድ ነው። ትናንት 8,000 ዶላር ተሸክሞ የነበረው ካርድ ዛሬ ባዶ ነው፣ ግን ክፍት ነው። ያው ሰው በአዲሱ ካርድ 250 ዶላሩን እየከፈለ በአሮጌው ላይ በየወሩ ከሚከፍለው 200 ዶላር አብልጦ ቢገዛበት፣ በ18 ወር ውስጥ ከነወለዱ 4,280 ዶላር ይጠራቀማል። ከአዲሱ ካርድ የቀረውን 3,740 ጨምሩበት። 8,020 ዶላር! አንድ ዓመት ተኩል ተከፍሎ፣ 4,500 ዶላር ከኪስ ወጥቶ፣ ሰውየው ተነሥቶ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። ልዩነቱ ትናንት አንድ ካርድ ላይ የነበረው ዕዳ ዛሬ ሁለት ካርድ ላይ መሆኑ ነው። አባቶቻችን ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህንን ነው።

ይህ የደካማ ሰዎች ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ዴቪድ ግሮስና ኒኮላስ ሱሌለስ የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት የካርድ ሊሚት በ100 ዶላር ሲጨምር ዕዳ በአማካይ ከ10 እስከ 14 ዶላር እንደሚጨምር አሳይተዋል። ክፍት ቦታ ዕዳን ይጠራል። ባላንስ ትራንስፈር ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ነገር ክፍት ቦታ መፍጠር ነው።

ባንኩ ለምን ዜሮ ይላል?

ባንክ ገንዘቡን በነጻ አያበድርም። የማዛወሪያውን ክፍያ በመጀመሪያው ቀን ያገኛል። በካርዱ በተገዛ ቁጥር ከነጋዴው ድርሻ ያገኛል። ዋናው ትርፍ ግን ዜሮው ካበቃ በኋላ የሚቀረው ዕዳ ነው። አንዱ ደንበኛ በ18 ወር ጨርሶ ቢሄድ ሌላው 3,740 ይዞ ይቀራል፣ ሌላው አዲስ ግዢ ጨምሮበት ይቀራል። ባንኩ የሚያሰላው በሺህ የሚቆጠሩትን በአንድ ላይ ነው፤ በዚያ ስሌት ውስጥ ዜሮው አዋጪ ነው።

የዚህን ስሌት መሠረት በግልጽ ያሳየ ጥናት አለ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሎውረንስ ኦሱቤልና ሃይያን ሹዊ አንድ ባንክ ለደንበኞች በዕጣ ከፋፍሎ የላካቸውን የተለያዩ ግብዣዎች መረመሩ። ለአንዱ ቡድን 4.9 ከመቶ ለ6 ወር፣ ለሌላው 7.9 ከመቶ ለአንድ ዓመት ተላከለት። ብዙ ሰው የተቀበለው ዝቅ ያለውን አጭሩን ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ዕዳቸውን የያዙበት ጊዜ ሲታይ አብዛኞቹን የሚጠቅማቸው ረጅሙ ነበር። ሲቀበሉ «ከ6 ወር በፊት እጨርሰዋለሁ» ብለው ያስቡ ነበር፤ አልጨረሱም። ሁላችንም የነገው ማንነታችን ከዛሬው ይልቅ ቆጣቢ ይመስለናል። ገበያው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሆነው ይህን ተስፋችንን ስለሚያውቅ ነው።

ውል ውስጥ ያለው ነገር

የአሜሪካ ሕግ ተበዳሪውን ጨርሶ አልተወውም። ፕሬዚዳንት ኦባማ በሜይ 2009 የፈረሙት የካርድ ሕግ የማስተዋወቂያ ወለድ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ያስገድዳል። ደንበኛው ከ60 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር ባለው ዕዳ ላይ ወለዱን በቅጣት ማንሳት አይቻልም። ስቴትመንቱ ላይ «ሚኒመም ብቻ ከከፈልክ በዚህን ያህል ዓመት ትጨርሳለህ» የሚለውን ሣጥን ያስገባውም ይኸው ሕግ ነው። ያንን ሣጥን ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከስቴትመንቱ ሁሉ ሐቀኛው መስመር እሱ ነው።

ሕጉ የማይሸፍናቸው ግን አሉ። የመጀመሪያው በአዲሱ ካርድ መግዛት ነው። ዜሮው ለተዛወረው ዕዳ ብቻ ከሆነ፣ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል በዚያው ካርድ የተገዛ ዳቦ እንኳ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ወለድ ሊታሰብበት ይችላል፤ የተለመደው የእፎይታ ጊዜ ይጠፋል። በዝውውር ካርድ ላይ ምንም አለመግዛት ቀላሉ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ግብዣዎች ዝውውሩ ካርዱ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ወራት ውስጥ እንዲፈጸም ይጠይቃሉ። ዝውውሩ ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ገንዘቡ መድረሱ እስኪረጋገጥ በአሮጌው ካርድ መክፈል ማቆም አይገባም። ከደረሰም በኋላ በመካከሉ የተቆጠረ ትንሽ ወለድ በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ ብቅ ይላል። «ዜሮ ሆኗል» ብሎ ያላየው ሰው በ12 ዶላር ምክንያት የዘገየ ክፍያ ሊመዘገብበት ይችላል። ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው የዚያው ባንክ ካርድ ማዛወርም በአብዛኛው አይፈቀድም።

ሦስተኛው መመሳሰል ነው። የቤት ዕቃ መደብሮችና የጥርስ ክሊኒኮች የሚሰጡት «በጊዜው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለም» የሚለው ካርድ ከባላንስ ትራንስፈር ጋር አንድ ይመስላል፤ አይደለም። በዚያኛው በመጨረሻው ቀን ጥቂት ዶላር እንኳ ከቀረ ወለዱ ከግዢው ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመጣል። በባላንስ ትራንስፈር ግን ወለድ የሚታሰበው ከዚያ ወዲያ በቀረው ላይ ብቻ ነው። ውሉ ላይ «ከተከፈለ» የሚል ቃል ካለ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው የአሮጌው ካርድ ዕጣ ነው። ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት የሚያዩት የፋይኮ ክሬዲት ስኮር 35 ከመቶው የክፍያ ታሪክ፣ 30 ከመቶው ከሊሚታችን ምን ያህሉን እንደተጠቀምን በዋናነት የሚያይ ነው። አሮጌውን ካርድ መዝጋት ሊሚታችንን ስለሚቀንስ ስኮሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ብዙ መካሪዎች «አትዝጉት፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት» ይላሉ። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከስልክ፣ ከአማዞን፣ ከምግብ ማዘዣው ሁሉ ቁጥሩን ማጥፋት ይቀድማል። ይህንን አድርጎ እጁን መያዝ ያልቻለ ሰው ቢዘጋው ይሻለዋል። የወረደ ስኮር በጥቂት ወራት ይመለሳል፤ የተመለሰ ዕዳ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

ዕቁብ የሚያውቀውን ካርድ አያውቀውም

እዚህ ላይ ከራሳችን ቤት ያለውን ጥበብ ማንሳት እፈልጋለሁ። በዲሲ አካባቢ ብዙ የእኛ ሰዎች ዕቁብ ይጥላሉ። 16 ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር የሚጥሉበትን ዕቁብ እናስብ። በወር 8,000 ዶላር ይወጣል። ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው ሰው በእርግጥ ተበዳሪ ነው፤ ቀሪዎቹ 15 ወራት የወሰደውን የሚመልስባቸው ናቸው። ወለድ የለም። ይህ ሰው ዕጣውን ይዞ ካርዱን ቢከፍል ያለ ማዛወሪያ ክፍያ ባላንስ ትራንስፈር አደረገ ማለት ነው። ብዙ ዕቁቦች ችግር ለገባው ሰው ዕጣ ቀድሞ የመስጠት ወይም የመለዋወጥ ልማድ አላቸው። ካርዱ በ24 ከመቶ እየበላው «ችግሬ ይህ ነው» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ስንት ነው?

ዕቁብ የበላ ሰው በቀላሉ አይጠፋም። ለምን? ዋስ አቅርቧል። ሰብሳቢው፣ የዕቁቡ ዳኛ፣ ያውቀዋል፣ ጸሐፊው ስሙን ይጠራል፣ ሚስቱ፣ ጓደኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድሙ እዚያ ተቀምጠዋል። የክፍያው ቀን አይለወጥም፤ መጠኑም አይለወጥም። «በዚህ ወር ሚኒመሙን ልጣል» የሚባል ነገር የለም። ዕቁብን የሚያቆመው ከሰዎቹ ሀብት ይልቅ ይህ ሥርዓት ነው።

የካርድ ዕዳ በዚህ ሁሉ ተቃራኒው ነው። ዋስ የለውም፣ ምስክር የለውም፣ ስም የሚጠራ የለም። በእኛ ዘንድ ዕዳ ገበና ነው፤ ባል ከሚስት የሚደብቀው፣ ሚስት ከባል የምትደብቀው ካርድ በብዙ ቤት አለ። ዕዳው በዝምታ ያድጋል፤ በዝምታ ወደ ሌላ ባንክ ይዛወራል፤ በዝምታ ተመልሶ ይመጣል። ባንኩ በየወሩ የ8,240ው 1 ከመቶ የሆነ 82 ዶላር «በቂ ነው» የሚል ደብዳቤ ብቻ ይልካል። ሁለቱን ሳነጻጽር የባላንስ ትራንስፈር ድክመት የት ላይ እንደሆነ ይታየኛል። ከዕቁብ ዜሮ ወለዱን ወስዶ ዳኛውን ትቶታል።

ስለዚህ ምክሬ ዳኛውን መመለስ ነው። ዝውውሩ በጸደቀ ዕለት ዕዳውን ከነክፍያው በወራቱ ማካፈል፤ ያንን ቁጥር የማይለወጥ የዕቁብ መጣያ አድርጎ በአውቶ ፔይ ማስገባት፤ ዜሮው የሚያበቃበትን ወርና ቀን ለአንድ ሰው፣ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለሚታመን ወንድም፣ ቁጭ ብሎ መናገር። ያ ሰው በየወሩ «ጣልክ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኑረው። የሚያሳፍር ይመስላል። ግን በዕቁብ ቀን ተጠርቶ «አለሁ» ማለት የማያሳፍረን ሕዝብ ይህንን ለምን እናፍራለን?

በሩ ለተዘጋባቸው

ዜሮ ከመቶ የሚሰጠው ክሬዲቱ ጥሩ ለሆነ ሰው ነው። የሚበዛውን ወለድ የሚከፍለው፣ ዝውውሩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድለትም የተሰጠው ሊሚት ዕዳውን ሁሉ አያነሳም። አዲስ የመጣ ስደተኛ ከዚህ ወገን ነው። ይህ መሣሪያውን የሚከተለው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ከወለዱ እፎይታ የሚያገኘው ቀድሞም ብዙ ያልተጎዳው ነው።

ሌሎች በሮች ግን አሉ። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች ከ1987 ጀምሮ በካርድ ላይ ከ18 ከመቶ በላይ ወለድ እንዳያስከፍሉ ተገድበዋል፤ ዕዳ ጠቅልሎ የሚከፈልበት ብድርም ይሰጣሉ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ የብድር አማካሪ ድርጅቶች ከባንኮች ጋር ተነጋግረው ወለዱን አስቀንሰው ዕዳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚያልቅ አንድ ወርሃዊ ክፍያ ያጠቃልላሉ። ደንበኛው ስልክ አንሥቶ በቀጥታ ካርድ ሰጪውን «ችግር ገጥሞኛል» ቢል ጊዜያዊ የወለድ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። በአንጻሩ ዕዳህን በግማሽ እናስጥልልሃለን ብሎ በስልክ አሳምኖ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት በ2010 በወጣው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ክልክል የተደረገ ሥራ እየሠራ ነው፤ ስልኩን መዝጋት ነው።

ፖለቲካውም ተነቃቅቷል። በፌብሩዋሪ 2025 ሴናተር በርኒ ሳንደርስና ሴናተር ጆሽ ሃውሊ፣ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ሰዎች፣ የካርድ ወለድ ለአምስት ዓመት ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ የሚል ረቂቅ በጋራ አቀረቡ። ባንኮች «እንዲህ ከሆነ ክሬዲቱ ደካማ ለሆነ ሰው ካርድ አንሰጥም» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ከ1978 ጀምሮ የተከፈተውን ጣሪያ መልሶ መምታት ሲታሰብ ማን በውስጥ፣ ማን በውጭ እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል። እኔ ጣሪያ ይኑር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ በወር 160 ዶላር ወለድ ከፍሎ 80 ዶላር ዕዳ የሚቀንስ ሠራተኛ የዋጋ ንረትን ለማርገብ ተብሎ መቀጣቱ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ሕግ እስኪወጣ ግን ሳይቃጠል በቅጠል የምንልበት ጊዜ አሁን ነው።

ቡና ላይ ወደነበረው ሰው ልመለስ። ዝውውሩን በማድረጉ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ዜሮው የሚያበቃው በየትኛው ወር ነው? በየወሩ ስንት ትጥላለህ? ሁለቱን ሳያመነታ ከመለሰ ከዳኛ ጋር ተቀምጧልና አልሰጋም። ካመነታ ግን አሮጌው ካርድ ኪሱ ውስጥ እንዳለ እጠረጥራለሁ፤ ቡናውን እስክንጨርስ ቁጭ ብለን እንድናካፍለው እለምነዋለሁ።